የአባዬ ማህተም

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ይህን ከመጀመሪያው እወቁልኝ። የአማርኛ መምህራችን «በንዴት የተጻፈ ነገር ትንሽ ይደር፤ ሲያድር ይለዝባል» ይላሉ። እኔ ስምንት ወር አሳደርኩት፤ ሲያድር ባሰበት። ደግሞ አልዋሻችሁም፣ መጻፉ ደስ ይለኛል። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ይፈጥናል፣ ቃሉ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ንዴቴና ደስታዬ አንድ ላይ ከመጡባችሁ ይቅርታ።

ቤዛ እባላለሁ፤ ዘንድሮ፣ በ1990 ዓ.ም.፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ቤታችን ቦሌ፣ ከሩዋንዳ ገባ ብሎ ነው። አንገቴ ላይ በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዬ ሥር የሚጀምር የመሐል ጣት የሚያህል ጠባሳ አለኝ። የሚያየኝ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። የሆንኩት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያየችው ሐያት ናት። ሐያት አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ መገናኛ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነበር። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ቤዚ፣ ማተብሽ ይዘላል።»

«ምን?»

«ክሩ። ብቻውን ይዘላል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ እስቲ። ይኸው! ጂኒ አለበት እንዴ?»

ሳቅን፣ ከክፍልም ተባረርን። ውጭ ቆመን እጄን አንገቴ ላይ ሳደርግ ማተቤ ሥር የብይ ያህል ነገር አገኘሁ። አያምም። ወደ ጎን ስገፋው ይሄዳል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ይመታል፣ ልክ እንደ ልብ። ይህን ሁሉ እኔና ሐያት በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በጣታችን ብቻ ደረስንበት። ለምን እንደምነግራችሁ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ቶንሲል ነው» አለ። እጁን ሳያነሳ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አይቶኝ ነው። አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ፤ መቀመጫዬ አብጦ አንገቴ እንደነበረ ቀረ። ሁለተኛው ክሊኒክ «የንፍፊት ቲቢ ነው» አለ። ንፍፊት ማለት አንገትና ብብት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ ቲቢ እነሱንም ይይዛል። እውነት ነው ይይዛል፣ እኔን ግን አልያዘኝም ነበር። አራት ወር ሙሉ ያን ክኒን ዋጥኩ። ሽንቴ እንደ ብርቱካን ቀላ፣ ምግብ ሸተተኝ። ቲቢ የሚለው ቃል ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጎረቤት ስሄድ ብርጭቆዬ ለብቻ መቀመጥ ጀመረ። ሐያት ብቻ በሁሉም ፊት ኮዳዬን ከእጄ ነጥቃ ጠጣችና «ጨው የለውም» አለች። ውሃ እኮ ነው የጠጣችው! ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በደስታ።

እብጠቱ ግን አደገ። የሎሚ ያህል ሆነ።

ይሄኔ አክስቴ ዘነብ መጣች። አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ኮተቤ ትኖራለች፣ አያቴም እሷ ጋ ናቸው። ሳሎን ተቀምጣ አንገቴን አየችና ወደ አባዬ ዞራ፣ እማዬ የሌለች ይመስል፣ «በእናቷ በኩል ነው» አለች።

«ምኑ?» አለች እማዬ ከጓዳ።

«እንቅርቱ ነዋ! የእናንተ አገር ውሃ ያመጣው ነው። በእኛ ዘር አንገቱ ያበጠ ሰው ታይቶ አይታወቅም።»

«እትዬ ዘነብ፣ እኔ ቤት እንቅርት ያለበት ሰው የለም። እናቴን ያውቋቸዋል።»

«እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም።»

አባዬን አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ሬዲዮ ከፈተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ አንገቷን በነጠላ መሸፈን ጀመረች። ጤነኛ አንገቷን! መስታወት ፊት ቆማ ስትዳስስ አየኋት። እኔ ታምሜ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች። የንዴቴ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው።

ሦስተኛው ቦታ አዲስ የተከፈተ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ክሊኒክ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም «መግል ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ ልሳበው» አለና ሰካው። መግል አልመጣም። ደም መጣ፤ እሱ ሳይስበው መርፌው ራሱ ሞላ፣ ደማቅ ቀይ ደም። ሐኪሙ ወደ እማዬ ዞሮ «ምንድነው ይሄ?» አለ። እኛን ጠየቀን እኮ! መርፌውን ሲነቅል አንገቴ በአንድ ጊዜ ሞቀኝ፣ ሸሚዜ ራሰ። እማዬ ጥጡን ከእጁ ተቀብላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጭና ያዘች። ልተካሽ ቢላት አልለወጥም አለች። ደሙ ቆመ። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የሪፈር ደብዳቤ ጻፈልን።

አሁን ማህተሙ ጋ ደረስን።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፊት ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈን፣ ወረፋችን ሲደርስ ሰውዬው ደብዳቤውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና መለሰው።

«ክብ ማህተም የለውም።»

«ይኸው ማህተም» አለች እማዬ።

«ይሄ ቲተር ነው፣ የሐኪሙ ስም። እኔ የምልሽ ክቡን ነው፣ እናት።»

«ወንድሜ፣ አንገቷን ተመልከትላት፣ ደም ፈስሷት እኮ ነው የመጣነው...»

«እናት፣ እኔ አንገት አላይም። ወረቀት ነው የማየው።»

ተመለስን። ክሊኒኩ ስንደርስ ክቡን ማህተም የሚይዘው ሰው የመሳቢያውን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ለቅሶ ሄዷል፣ ክፍለ ሀገር። ስድስት ቀን ጠበቅነው። ስድስት ቀን ሙሉ አልሮጥኩም፣ ጮክ ብዬ አልሳቅኩም፣ ስነጥስ እንኳ አንገቴን በእጄ ደግፌ ነበር።

አባዬ ማታ እራት ላይ ነገሩን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ልክ ነው።»

አባዬ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ክቡ ማህተም በእሱ እጅ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ በሰንሰለት ቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሃያ ዓመት አልተለየውም።

«የልጅህ አንገት ነው እኮ» አለች እማዬ።

«ቢሆንም። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ውስጡ የፈለገውን ያህል እውነት ቢሆን አይሠራም። መዝገብ ቤት ገብቶ ይተኛል።»

በመጨረሻ ማህተሙ ተመታ፣ ካርድ ወጣ፣ ከሁለት ቀን የአግዳሚ ወንበር ጥበቃ በኋላ ዶክተር ኃይሉ ፊት ቀረብን። ቀጭን፣ ፀጉራቸው የሸበተ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ? ነኩኝ። ወደ ጎን ገፉት፤ ሄደ። ወደ ላይ ገፉት፤ አልሄደም። እኔና ሐያት ያደረግነውን! ከዚያ ማዳመጫቸውን አንገቴ ላይ አድርገው ሰሙና ከጆሯቸው አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። «ስሚው።» ውስጤ ንፋስ ይነፍሳል፤ ሹው... ሹው... ሹው።

«ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር እዚህ ጋ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል» አሉ። «ባላው መሐል የሩዝ ፍሬ የምታህል አካል አለች፤ ደምሽ ውስጥ ያለውን አየር ትለካለች። ያበጠችው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ክፉ ካንሰር አይደለም፤ ግን መላዋ የደም ሥር ነው። መርፌ የሰካብሽ ማነው?» ነገርናቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ጠየቁ። «በእናትም በአባትም ወገን፣ አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት የነበረበት ሰው አለ? በደንብ አስቡ። በዘር የሚመጣ ዓይነት አለው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጎን ነው። የቀኙን በእጄ ስዳስሰው ምንም የለም፣ ገና ትንሽ ከሆነ ግን እጅ አያገኘውም። በዘር ከሆነ ቀኙን በሌላ ምርመራ ሳላይ ቢላዋ አላነሳም። የግራውን ሳወጣ ነርቭ ቢጎዳና ኋላ የቀኙንም መንካት ቢኖርብኝ ድምፅዋንም፣ መዋጥዋንም፣ መተንፈስዋንም ልታጣ ትችላለች።»

«በእኔ በኩል የለም» አለች እማዬ፤ እንደ ተከሳሽ ቆማ።

«በእኛም ዘር የለም» አለ አባዬ። ጫማውን እያየ።

ዶክተሩ ጻፉ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ አልጋ ያዙልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አያቴን ልሰናበት ኮተቤ ሄድኩ። አክስቴ ቤት ሽርጉድ ነበር፤ የአክስቴን ልጅ ሰብለን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ። አያቴ፣ እማማ የምንላቸው፣ የኋላ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በእጃቸው ነው። እንደ ሁልጊዜው ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ በበጋም በክረምትም አይፈቱትም። ሳምኳቸው። ፊቴን ዳሰሱ፣ ጉንጬን ዳሰሱ፣ እጃቸው ወረደና አንገቴ ላይ ቆመ። ጣታቸው አልተነቃነቀም።

«አንቺም?» አሉኝ።

አንቺ አይደለም ያሉት። አንቺም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለዚህች «ም» ስንት ጊዜ ተምረናል! እኔ ጋ የመጣችው ግን ያን ቀን ነው። አንዲት ፊደል ተጨምራ አንድ ትውልድ ሙሉ ይዛ መጣች።

«ሌላ ማን አለ፣ እማማ?»

በሩን አዳመጡ። ከዚያ ሻሹን ፈቱ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን አየሁ። በግራም በቀኝም። እጄን ወስደው አስነኩኝ። ይመታል።

«እኔ አለሁ። ወንድሜ አየለም ነበር። አገር ቤት ወጌሻ በጣው፤ ደሙ እንቢ አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ ሞተ። አባትሽ ያኔ ልጅ ነው፣ አጠገቡ ቆሞ ያይ ነበር።»

«አባዬ ያውቃል?»

«ዘነብም ታውቃለች። አትናገሪ ተባልኩ። ሰብለን ሽማግሌ ሊጠይቃት ነው፣ እስኪያልፍ አሉኝ። ዘራቸው ምን አለበት ተብሎ እንዳይጠየቅ።» አንገቴን እንደገና ዳሰሱ። «አንቺ መታመምሽን ግን ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። ጉንፋን ነው ነበር ያሉኝ።»

ጆሮዬ ውስጥ ያ ንፋስ ጮኸ፤ ሹው ሹው። አባዬ ቢበጡኝ ደሙ እንቢ ሊል እንደሚችል እያወቀ ዝም አለ! እማዬ ጤነኛ አንገቷን ስትሸፍን እያየ ዝም አለ!

ሰኞ ጠዋት አያቴን ልወስድ ተመለስኩ። አክስቴ በር ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው? ትናንት ገና አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች አሉ! ቤቴን ልታፈርሺ ነው?»

«አንቺ ዘነብ» አሉ እማማ፣ ክንዴን ይዘው፤ «ዞር በይ። ሻሽ ያሰርኩት ይበቃኛል።»

መገናኛ ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን። ሻሹን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሰው ሁሉ አንገታቸውን ያያል፤ እሳቸው ሰው አያዩም፣ እኔ ግን የሚያየውን ሁሉ አፍጥጬ አየሁት።

አባዬና እማዬ ከዶክተር ኃይሉ ጋር የአልጋውን ወረቀት እየጨረሱ ነበር። አባዬ የእናቱን ራቁት አንገት አየ። ተቀመጠ፤ ወንበር ባይኖር ወለሉ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ዶክተሩ እማማን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ እናት፣ ዳሰሷቸው። ሁሉንም ጠየቁ፤ ከዚያ የነገውን ቀጠሮ ሰረዙ። «ቀኙን ሳላይ አልነካትም» አሉ። ወደ አባዬ ዞሩ። «እርስዎ ግን ምንም የለብዎትም፣ አይደል?»

«የለብኝም» አለ አባዬ። «እኔን ከዘለለኝ አልቋል ብዬ ነበር።»

«ሥራዎ ምንድነው?»

«መዝገብ ቤት።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታ ነው። «እንግዲያው ከእኔ የተሻለ ይገባዎታል። ሰው ስለ ሰውነቱ ሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን ሁለቱንም ያነባል። ጥቂት ደብዳቤዎች ግን አሉ፣ ላኪው ማን እንደሆነ የሚታይባቸው። ማህተም አለባቸው። ይሄኛው የአባት ማህተም ሲኖርበት ይነበባል፤ የእናት ሲሆን መዝገብ ቤት ገብቶ ይተኛል። የእርስዎ እናት ስህተት ያለበትን ቅጂ ላኩልዎት፤ ከእናት ስለመጣ ተኛ፣ ስለዚህ አልታመሙም። እርስዎ ግን ለልጅዎ ሲልኩት...»

«በእኔ ማህተም» አለ አባዬ።

«በእርስዎ ማህተም። ሰው ሲወልድ የቀድሞው ይጠፋና የራሱ ይመታል። ጂኑ ራሱ ገና በትክክል አልተገኘም፤ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ያጠኑ ሐኪሞች ግን ያዩት ይህንን ነው፤ ከአባት ሲወረስ ያማል፣ ከእናት ሲወረስ ዝም ይላል።»

አባዬ እጁን ቀበቶው ላይ፣ ቁልፉ ላይ አደረገ። እማዬ ነጠላዋን ከአንገቷ ቀስ ብላ አወረደች።

«ስለዚህ እኔ አይደለሁም?» አለች።

ይህን ብቻ ነው ያለችው። ቁጣዬ ሁሉ እዚያች ስንት ሳምንት በነጠላ ተሸፍና በከረመች ጥያቄ ውስጥ አለ። «አይደሉም፣ እመቤት» አሉ ዶክተሩ። «እርስዎ ጥጡን የያዙ ነዎት።»

በቀኜ በኩል ባቄላ የምታህል ተገኘች። እናንተ፣ ያኔ ተሰምቶኝ የነበረውን ፍርሃት አልጽፈውም፤ ብዕሬ ይችላል፣ እኔ አልፈልግም። ዶክተሩ የግራውን ብቻ፣ ነርቮቹን አንድ በአንድ እየለዩ አወጡት። የቀኟ አለች፤ በየጥቂት ወሩ እንለካታለን፣ እስካሁን ባቄላ ናት። ደም ያስፈልግ ነበርና አባዬ ሰጠ፣ የሐያት አባትም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ሰጡ። አሁን ውስጤ የሁለት አባት ደም አለ ትላለች ሐያት።

ስነቃ ድምፅ አልነበረኝም። አንዱ የድምፅ ነርቭ ተጎትቶ ደክሞ ነበር፤ ይመለሳል ተባልኩ፣ ሦስት ወር ፈጀበት። አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ገዝቶ አመጣልኝ፣ እየጻፍኩ እንዳወራ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩና አዞርኩለት።

«ለምን?»

እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ከሥሩ፣ በዚያ በቄንጠኛው የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፉ፣ «ፈራሁ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት፤ «የአጎቴን ደም አይቻለሁ። ካልተናገርኩት የማይሆን መሰለኝ።»

አዘንኩለት። ንዴቴ ግን አልወጣም፤ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፣ ቦታ አላቸው። እማዬን ይቅርታ ጠይቋታል፣ እኔ ፊት። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም። ደግሞ አናዳጁን ስሙ፤ ሰብለ ላይ ይህ ነገር ቢኖር እንኳ የሚመጣባት በእናቷ ስለሆነ ይተኛ ነበር! እሷን ለማዳን ነው እውነቱን የደበቁኝ፤ እሷ ግን ድሮም ምንም አልሆነችም። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ሦስት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ሠርጉ ሆነ፣ በላን።

ያንን መዝገብ ጨረስኩት። ሁለተኛውም ሊያልቅ ነው። ድምፄ ሲመለስ መጻፍ አላቆምኩም፤ ድምፄ ራሱ ትንሽ ሻካራ ሆኖ ነው የመጣው፣ ሐያት «የሬዲዮ ጋዜጠኛ» ትለኛለች። ማተቤን ደግሞ አየችና «አሁንማ ሰነፈ፣ አይዘልም» አለች።

ክትትል በሄድኩ ቁጥር ዶክተሩን በጥያቄ አደርቃቸዋለሁ። ማህተሙ ምን ያደርጋል? ዶሮ የለውም አሉኝ፤ ጫጩት ማንም ቢልክላት ሁሉንም ታነባለች። የሚያጠቡ እንስሳት ናቸው ያላቸው፣ እናት ሆድ ውስጥ የሚያድጉት። ከሁለት እናት ብቻ ወይም ከሁለት አባት ብቻ በተወሰደ ዘር አይጥ ለመፍጠር ተሞክሮ ጽንሱ አላደገም። የሁለቱም ማህተም ያስፈልጋል። አንዳንድ ሊቃውንት የአባቱ ደብዳቤ «እደጊ፣ እናትሽን ምጠጪ» ይላል፣ የእናቱ «ቀስ፣ ለታናሽሽም ይተርፍ» ይላል ብለው ያስባሉ። ማህፀን ውስጥ ጀምሮ ክርክር ነው ማለት ነው። እኛ ቤት ከቁርስ ነው የሚጀምረው።

የባዮሎጂ መጽሐፋችን ግን «ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት፣ እኩል» ብሎ ያልፋል። መምህሩን ጠየቅኳቸው። «ማትሪክ ላይ አይመጣም» አሉኝ። እኔ አንገት ላይ መጣ!

እንግዲህ የመጨረሻው። እኔ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ብወልድ ስህተቱን ልልከው እችላለሁ፤ በእኔ ማህተም ግን ይተኛል። ልጆቼ አይታመሙም። ወንድ ልጄ ግን ከደረሰው እንደ አባዬ ይሆናል፤ ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ «በእኛ ዘር የለም» ባይ። ከዚያ እሱ ይወልዳል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለአንቺ ነው፣ የልጄ ልጅ። ስሜን ላታውቂው ትችያለሽ። በእኛ አገር ስም የሚሄደው በአባት ነው፤ ያንቺ፣ ያባትሽ፣ የአባትሽ አባት። የእኔ የለበትም። የእማማም የእኔ ስም ውስጥ የለም፣ ለዚህ ነው አባዬ ጫማውን እያየ «የለም» ማለት የቻለው። ስማችን ይቀራል፤ ደብዳቤው ግን ይደርሳል።

አንገትሽን ዳስሺው። የሚዘል ነገር ካገኘሽ መርፌ አታስነኪ። በእናትሽ ማንም እንዳያላክክ። ይህንን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ ስጪው። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ገልብጦ አይቶ ክብ ማህተም የለውም ካለሽ፣ «አለው፤ አንገቴ ላይ ነው» በዪው።